ተረስተው የቆዩ የአክስቴ የፋሽን ሥዕሎች፦ ለሕዝብ ላወጣቸው ነው፣ ምክራችሁን እሻለሁ

ሰማያዊ_እርሳስ (ክሩን የጀመረችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ታላቅ እህት በወጣትነቷ ለልብስ መደብሮች የጋዜጣ ማስታወቂያ ሥዕል ትስል ነበር። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ሥዕሎቹ ግን ድሮ ተጥለዋል ብለን ነበር የምናስበው። ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ስናስተካክል ከቁም ሣጥኗ ጀርባ በገመድ የታሰረ ጠፍጣፋ ካርቶን ተገኘ። የሥራ ዘመኗ በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ ነው።

ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ጓንት፣ የሠርግ ቀሚስ፣ የልጆች ጫማ፣ የውስጥ ልብስ ሳይቀር። አብዛኞቹ በጥቁር ቀለምና በብሩሽ የተሠሩ ናቸው፤ ጥላው በውሃ በቀጠነ ቀለም ነው የተጣለው። ጥቂቶቹ በጓሽ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን በማያሳይ ወፍራም የውሃ ቀለም ናቸው። የሴቶቹ ፊት ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ጨርቁ ግን ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። ሱፉ ይከብዳል፣ ሐሩ ይፈሳል፣ ቬልቬቱ ብርሃኑን ይውጠዋል። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጇን ካፖርቷ ኪስ ከታ የቆመችበት አለ፤ ክንዷ ብሩሹ ሳይነሳ በአንድ ጊዜ የተሳበ ነው። እሷን ስንት ጊዜ አውጥቼ እንዳየኋት አልናገርም።

ጀርባቸውም ከፊታቸው ባልተናነሰ ይዞኛል። በእርሳስ «3 ዓምድ» (ጋዜጣው ላይ የሚይዘው ስፋት)፣ «ወደ 60% ይነስ»፣ «ኮሌታው ሰፋ ይበል»፣ «ለሐሙስ» የሚሉ ትእዛዞች አሉ። አንዱ ላይ በሌላ እጅ «ሴትየዋ ቀጭን ናት» ተብሎ ተጽፎ፣ በእሷ እጅ ከሥሩ «ካፖርቱ ግን ትክክል ነው» የሚል መልስ አለ። ሙሉ ስሟ በአንዱም ላይ የለም። ጥግ ላይ «መ.» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ፤ እሷም ብዙዎቹ ላይ በሕትመት ማሳጠሪያው ምልክት ውጪ ነው ያለችው፣ ማለትም ጋዜጣው ላይ አልወጣችም።

ሐሳቤ ሁሉንም ማንም ሰው በነፃ እንዲያያቸው በሙሉ ስሟ ማውጣት ነው። ሠራተኛ እንደነበረች፣ ይህ ሥራዋ እንደነበረ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ስለ አያያዙ፣ ስለ ስካኑ፣ ስለ መብቱ የምታውቁትን ንገሩኝ። ጀርባቸውንስ ላውጣ?

ቀሚስ_ወዳድ

እባክሽ ከባርኔጣዎቹ ጀምሪልን! «ካፖርቱ ግን ትክክል ነው» የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እኒህን ሴት ወደድኳቸው።

የወረቀት_ሐኪም

ነፍሳቸውን ይማር። እህቴ፣ ስካን ከማድረግሽ በፊት ይህን አደራ።

መጀመሪያ ከዚያ ካርቶን አውጫቸው። ርካሽ ካርቶን ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ነው፤ በውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር ሲያረጅ አሲድ ያመነጫል፣ አሲዱም አጠገቡ ወዳለው ወረቀት ይሻገራል። ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚሰበር ካለ ከዚያ የመጣ ነው። አሲድ አልባ ሳጥንና አቃፊ ግዢ፣ በየመካከላቸው አሲድ አልባ ስስ ወረቀት አድርጊ። በጠፍጣፋ ይተኙ እንጂ አይጠቅለሉ።

ላስቲክ ኪስ ውስጥ ማስገባት ከፈለግሽ ከፒቪሲ የተሠራውን ራቂ፤ ጊዜ ሲያልፍ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ፖሊስተር ደህና ነው። በከሰል፣ በፓስቴል ወይም በሚላጥ ጓሽ የተሠራ ሥዕል ግን ፖሊስተር ውስጥም አይግባ፤ ላስቲኩ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ዱቄቱን ከወረቀቱ ላይ ይስበዋል።

ስኮች የተለጠፈበት ካለ አትላጪው። ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። የጎማ ማጣበቂያ ቡናማ እድፍ ትቶ ከሆነም ተዪው፣ ለባለሙያ የሚቀመጥ ሥራ ነው። የዛገ አግራፍ ካለ ከወረቀቱ ላይ በጉልበት አትጎትቺው፤ ከሁለቱም ወገን ስስ ላስቲክ አስገብተሽ በቀስታ አላቂው። ላሚኔት ማድረግ የሚል ምክር ከማንም ብትሰሚ አትቀበዪ፣ መመለሻ የሌለው ጥፋት ነው። የሻገተ ካገኘሽ ለብቻው አውጪ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ።

የጥጥ ጓንት አያስፈልግሽም። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ያሳጣል፣ የተቀደደ ጠርዝንም ይይዛል።

ስለ ስካን፦ ጠፍጣፋ ስካነር ብቻ፣ ወረቀት እየጎተተ የሚያስገባውን በፍጹም። በራሱ መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለስክሪን ይበቃል፤ ለትንንሾቹና ወደፊት ሊታተሙ ለሚችሉት 600 አድርጊ። ዋናውን ጥራቱን በሚጠብቀው የፋይል ዓይነት በቲፍ አስቀምጪ፣ ለሕዝብ የሚወጣውን ከእሱ ላይ አነስ ባለው በጄፔግ አውጪ። ጓሹ የሚላጥ ከሆነ የስካነሩ መስተዋት እንዳይነካው፤ ከላይ ሆነሽ በካሜራ አንሺው፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርገሽ። የቀለም መለኪያ ካርድ አብሮ ይነሳ። ጀርባው ላይ የደበዘዘ እርሳስ ካለ አንድ መብራት ብቻ ከጎን ዝቅ አድርገሽ ሞክሪ፤ የእርሳሱ ጭረት ጥላ ይጥልና ይነበባል።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰባችሁ ቅጂውን ስቀሉ። ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራ የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ ነው፣ ያም ለጥቂት ወራት።

ሰማያዊ_እርሳስ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ ከካርቶኑ ወጥተዋል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ብዙዎቹ ላይ ነጭ ቀለም በወፍራሙ ተቀብቷል፣ አንዳንዱ እየተላጠ ከሥሩ ሌላ መስመር ይታያል። አንዱ ላይ ሦስተኛ እጅ ያለ ይመስላል። ደግሞ ውሃ ሰማያዊ እርሳስ በየቦታው አለ፣ ሳይጠፋ የቀረ። ይህ ምንድነው?

የማተሚያ_ቤት_ሰው

ይህን እኔ ልመልስ፣ ዕድሜዬን እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ለሕትመት ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት።

ነጩ ቀለም ማረሚያ ነው። ሠዓሊዋ የምትስለው ለካሜራ ነበር እንጂ ለግድግዳ አልነበረም። በጥቁርና ነጭ የሚሠራው የማተሚያ ካሜራ ነጭ ቀለምና ነጭ ወረቀት አይለይም፤ ስለዚህ እጁን ማንሳት ከተፈለገ በነጭ ይሸፈንና ከላዩ ሌላ ይሳላል። ሦስተኛው እጅ የመጀመሪያው እጅ ነው። ውሃ ሰማያዊውም እንደዚሁ፤ ለመስመር ሥዕል የሚያገለግለው ፊልም ለሰማያዊ ብርሃን ስስ ስለነበረ ቀለል ያለ ሰማያዊ እንደ ነጭ ነው የሚያየው። መመሪያ መስመሩንና ማስታወሻውን በዚያ ጽፎ ሳያጠፉ መተው ይቻል ነበር። የአንቺ የመድረክ ስም ከዚያ የተወሰደ ከሆነ ጥሩ መርጠሻል።

«ወደ 60% ይነስ» ማለት ሥዕሉ ከሚታተምበት መጠን በላይ ተስሎ በካሜራ ይቀነሳል ማለት ነው። ሲቀነስ መስመሩ ይጠብቃል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጠፋል። ጎበዝ ሠዓሊ የምትታወቀው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ሲቀነስ ጥላው ተጠጋግቶ እንዳይጠቁር አስቀድማ ክፍተት ትተዋለች። ሥዕሉን ስታዪው ክፍት ክፍት ያለ ከመሰለሽ የታሰበበት ነው።

ለምን ፎቶ አልተጠቀሙም ለሚል ሰው፦ ፎቶግራፍ ለማተም ወደ ነጠብጣብ መቀየር አለበት። በጥሩ ወረቀት የሚታተም መጽሔት በአንድ ኢንች ከ133 እስከ 150 መስመር ነጠብጣብ ይይዛል፤ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ከ65 እስከ 85 አካባቢ ነበር የሚችለው። በዚያ ነጠብጣብ ላይ የጥቁር ካፖርት ቁልፍ ከነኮሌታው ጠፍቶ ይቀራል። የብሩሽ መስመር ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። የፋሽን መጽሔቱ ቮግ የመጀመሪያውን የቀለም ፎቶግራፍ ሽፋን ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1932 ነው፣ ፎቶውም የኤድዋርድ ስታይከን ነበር፤ የመደብሮች የጋዜጣ ማስታወቂያ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በሥዕል ቀጥሏል። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል እንኳ ስሙ ሳይገን በ1950ዎቹ የአንድ ጫማ ኩባንያን የጋዜጣ ማስታወቂያ ይስል ነበር።

ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ዋናው ወረቀት ብዙ ጊዜ ይጣል ነበር። አክስትሽ መልሰው መውሰዳቸው፣ ወስደውም ማቆየታቸው ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። ዋጋውን ያውቁ ነበር።

ንድፍ_ዓይን

የእኔ ምክር ትንሽ ይለያል። ሁሉንም አታውጪ። ምርጥ 30 ምረጪ፣ የወረቀቱን ቢጫነት በኮምፒውተር አጽጂ፣ የተላጠውን ነጭ አስተካክዪ፣ ጀርባውን ተዪው። ሰው መቶ ጓንት ተቀምጦ አያይም። የፋሽን ሠዓሊው ሬኔ ግሩዎ ለፓሪሱ የፋሽን ቤት ለዲዮር የሠራቸው ሥዕሎች ዛሬም ዓለም የሚያውቃቸው ንጹሕና ጥቂት ሆነው ስለቀረቡ ነው። አክስትሽ ሠዓሊ ከነበሩ እንደ ሠዓሊ ይቅረቡ፤ «3 ዓምድ» የሚል ጽሑፍ ሥራቸውን ያሳንሰዋል።

የማተሚያ_ቤት_ሰው

ወንድሜ፣ አልስማማም። ግሩዎ ስሙን በትልቁ ጽፎ ይፈርም ነበር፤ ስሙ ሥዕሉ ውስጥ አብሮ ታትሟል። እኒህ ሴት ፊደላቸው እንኳ ተቆርጦ ወድቋል። የእሳቸውን ማንነት የያዘው ያ ጀርባ ነው። ነጩን በኮምፒውተር ስታስተካክለው እጁን ሁለት ጊዜ አስበው እንደሳሉት የሚያሳየውን ማስረጃ ነው የምታጠፋው። ቢጫነቱም እንዲሁ፤ ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ነው። የጸዳ ቅጂ ለሚፈልግ ለብቻው ይሠራ፣ ዋናው ግን እንዳለ ይታይ።

ልብስ_ሰፊዋ

እኔ ደግሞ መቶውን ጓንት ተቀምጬ አያለሁ። እንደኔ ያሉ ብዙ ናቸው።

ንድፍ_ዓይን አሰልቺ ያላቸው ሥዕሎች ለልብስ ሠሪ ከምርጦቹ ይበልጣሉ። የጥበብ ሥዕል ስሜቱን ይሰጥሃል፤ የመደብር ማስታወቂያ ግን ገዢዋ መጥታ «ይህን ነው የምፈልገው» እንድትል ስፌቱን በትክክል ማሳየት ነበረበት። ቁልፉ ስንት ነው፣ እጅጌው ከየት ይነሳል፣ ሽንሽኑ ወደየት ይተኛል፣ ጨርቁ በሰያፍ ነው ወይስ በቀጥታ የተቆረጠው። በሰያፍ የተቆረጠ ጉርድ ሲሳል ጫፉ ይወዛወዛል፣ ዳሌ ላይ ግን ይለጠፋል፤ የሚያውቅ ሠዓሊ ይህን አይስተውም። ከእነዚህ ሥዕሎች ተነስቼ ልብሱን መልሼ መቁረጥ እችላለሁ። ከፎቶ ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ ምክንያቱም ፎቶ ጥላ ውስጥ ያለውን ስፌት ይደብቃል፣ ሠዓሊ ግን ታወጣዋለች።

ቁመቱን ግን አትመኑ። የፋሽን ሥዕል ሰው ቁመቱ ዘጠኝ ራስ ያህል ነው፤ ደህናው ሰው ሰባት ተኩል አካባቢ ነው። የሚረዝመው ብዙውን ጊዜ እግሩ ነው። ስለዚህ የጉርዱን ርዝመት ከጉልበቱ አንጻር ለኩ እንጂ ከወገቡ አትለኩ።

ቀን የሌላቸውን በልብሱ ቅርጽ ማስቀመጥ ይቻላል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወገቡ ጠብቦ፣ ዳሌው ሰፍቶ፣ ጉርዱ ብዙ ጨርቅ ከበላ ዲዮር በየካቲት 1947 ካሳየው ስብስብ በኋላ ነው። ወገብ የሌለው እንደ ጆንያ ቀጥ ያለ ቀሚስ ከሆነ የፓሪስ ልብስ ነዳፊዎቹ ባሌንሲያጋና ዢቫንሺ በ1957 ካወጡት ወዲህ። ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደው ወጣቱ ኢቭ ሳን ሎራን በዲዮር ቤት በ1958 ያቀረበው ነው። ጉልበት ከተገለጠ 1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ነሽ። ይህ ሁሉ ግን «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ ተራ መደብር የፓሪሱን ቅርጽ ዘግይቶ ያመጣል፣ ሲያመጣም ለዓመታት ይሸጠዋል።

የወረቀት_ሐኪም

በዚሁ ላይ፦ በጨለማ ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት አብሪበት። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ማንጪያ ኬሚካል አለበት፤ ያ ኬሚካል ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው። ካላበራ ግን ምንም አያረጋግጥም። እየተፋቀ የሚለጠፍ የሌትራሴት ፊደል ካለበት ከ1961 ወዲህ ነው። በፌልት ማርከር የተቀባ ካለ ደግሞ ቀድመሽ ስካን አድርጊው፣ የማርከር ቀለም ከሁሉም ፈጥኖ ነው የሚጠፋው።

ሕግ_አዋቂ

መብቱን ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፤ ከመልካም ሐሳብሽ እንዳያግድሽ በጊዜ መታወቅ አለበት።

ወረቀቱ የአንቺ መሆኑና የቅጂ መብቱ የአንቺ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አክስትሽ ደሞዝተኛ ሆነው በሥራ ሰዓት የሳሉት ከሆነ በብዙ አገሮች ሕግ መብቱ የአሠሪው ሊሆን ይችላል። በየሥዕሉ እየተከፈላቸው በግል የሠሩት ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ካላስተላለፉት በስተቀር ብዙውን ጊዜ የእሳቸው ሆኖ ይቆያል፣ ከእሳቸው ወደ ወራሾች ያልፋል። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ደረሰኝ፣ የክፍያ ደብዳቤ ወይም ውል ካለ ከሥዕሎቹ እኩል ጠብቂው። አንዲት ደረሰኝ ጥያቄውን ልትቋጨው ትችላለች።

ጊዜውን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል፣ የበርን ስምምነት፣ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ዘመን ሠዓሊው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። አክስትሽ በቅርብ ስላረፉ መብቱ ገና ሕያው ነው። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ መብቱ የሁላችሁም ነው፤ ክሪዬቲቭ ኮመንስን በመሰለ፣ ማንም በተወሰነ ሁኔታ በነፃ እንዲጠቀም በሚያስችል ክፍት ፈቃድ ለማውጣት የሁሉም ስምምነት በጽሑፍ ይኑርሽ። ይህ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ የወሰደው ሰው ላይ አይሻርም፤ ይህን ዘመዶችሽ አስቀድመው ይወቁ።

አንድ የሚያስደስትሽ ነገር፦ የበርን ስምምነት አንቀጽ 6 ቢስ ሠሪው ሥራው በስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብቱን ከገንዘብ መብቱ ለይቶ ያስቀምጠዋል። መብቱን ለሌላ የሸጠ ሰው እንኳ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት ይችላል።

ሰማያዊ_እርሳስ

ደረሰኞች አሉ! በፖስታ ተጠቅልለው። በየሥዕሉ ነው የተከፈላት፤ አንድ ጓንት፣ አንድ ካፖርት እየተባለ፣ ለካፖርት ከጓንት በላይ።

የከበደኝ ሌላው ነው። የአክስቴ ልጅ፣ ወንዱ፣ «እናቴ ማሳየት ብትፈልግ ኖሮ በሕይወት እያለች ታሳይ ነበር፤ የደበቀችውን አትግለጡባት» ይላል። እህቱ ግን እንደኔው ናት። እሱን ማስቀየም አልፈልግም፣ እናቱ ናት። በሌላ በኩል ግን እሷ በገዛ እጇ በቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥታቸዋለች። ሊጠፋ የተፈለገ ነገር ቁጥር ይሰጠዋል?

ልብስ_ሰፊዋ

አይሰጠውም። ግን ልጃቸው ነውና ጊዜ ስጪው።

የአባቴ_ማኅደር

እኔ የአባቴን የመጽሐፍ ሽፋን ሥዕሎች ሳወጣ ከታናሽ እህቴ ጋር እንዲሁ ተጋጭተን ነበር። የረዳን ነገር ለመታተም የተሠራውንና የግሉን መለየት ነው። ጋዜጣ ላይ የወጣ ሥዕል ድሮም ለሕዝብ ነበር፤ ሺህ ሰው አይቶታል፣ የጎደለው ስሙ ብቻ ነው። የግል ማስታወሻ፣ ለራሱ የሣላቸው የቤተሰብ ሰዎች፣ ደብዳቤ፣ ያ ሌላ ነው። እህቴ የመጀመሪያውን ፈቀደች፣ ሁለተኛው ዛሬም በሳጥኑ ነው፣ እኔም አልጫናትም።

ስታወጪ ደግሞ እያንዳንዱን በሚፈለግ ጽሑፍ አጅቢው። ሥዕል ብቻውን ከለጠፍሽ ሰው ይወደዋል፣ በማግስቱም ያጣዋል። የልብሱን ዓይነት፣ ማቴሪያሉን፣ መጠኑን በሴንቲሜትር፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከነስሕተቱ ቃል በቃል ጻፊ። እሳቸው የሰጡት ቁጥር የፋይሉ ስም ይሁን፣ የራስሽን ቁጥር አትፍጠሪ። ስማቸው ሥዕሉ ሥር ብቻ ሳይሆን ፋይሉ ውስጥም ይግባ፣ ምክንያቱም ሥዕሉ ከገጽሽ ላይ ተቀድቶ ሲዞር የሥሩ ጽሑፍ ይቀራል። ዲጂታል በሆኑ የድሮ ጋዜጦች ውስጥም ፈልጊ፤ የማስታወቂያው ቃል ጀርባው ላይ ካለ በፍለጋ ይገኛል፣ ከተገኘ ትክክለኛ ቀኑን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ዋናውንና የታተመውን ጎን ለጎን አድርጊ።

አንዴ ከወጣ በኋላ የማታውቂው ሰው ይጽፍልሻል። እኔን አብሮት የሠራ ሰው ልጅ ነው ያገኘኝ።

ቀሚስ_ወዳድ

ሰዎች ወስደው ቲሸርት ላይ ቢያትሙትስ? ወይስ ማሽን ሥዕል ለማስተማር ቢወስዱት?

የአባቴ_ማኅደር

ሙሉ በሙሉ ማገድ አይቻልም። ትልቁን ፋይል ቤት አስቀምጣ፣ ለማየት የሚበቃውን ብታወጣ ለሕትመት መውሰድ ይከብዳል። ሥዕሉ መሐል ላይ ትልቅ ምልክት ማተም ግን አልመክርም፤ ልብስ_ሰፊዋ የምትፈልገውን ስፌት ነው የሚሸፍነው።

ንድፍ_ዓይን

ስለ ጀርባው ያለውን ተቀብያለሁ። «ካፖርቱ ግን ትክክል ነው» የሚለው ራሱ ከብዙ ሥዕል ይበልጣል። ስለ ቢጫነቱ ግን በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ፤ እሳቸው የሳሉት ነጭ ወረቀት ላይ ነው። ከፈቀድሽ ጥቂቶቹን ለብቻ ሆኖ በሚቀመጥ ቅጂ በነፃ ላጽዳልሽ።

ሰማያዊ_እርሳስ

ደስ ይለኛል ወንድሜ፣ «የጸዳ ቅጂ» ተብሎ ከዋናው ጎን ይቀመጣል።

የአክስቴ ልጅ ትናንት መጥቶ አንድ በአንድ አያቸው። የታተሙት እንዲወጡ ተስማማ፤ እሱን በልጅነቱ ተኝቶ የሳለችበት ትንሽ ደብተር ግን ለራሱ ወስዷል፣ ተገቢም ነው። ስምምነቱን ሦስታችንም ፈርመናል። የመጀመሪያዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት አወጣለሁ። ለናሙና ያዘጋጀሁት መግለጫ ይህ ነው፣ የጎደለ ካለ ንገሩኝ፦

«ቁጥር 41። የሴት ካፖርት፣ ከጀርባ። ጥቁር ቀለም በብሩሽ፣ የቀጠነ ቀለም፣ ነጭ ማረሚያ በግራ እጅጌው ላይ። ወፍራም ወረቀት፣ 38 በ51 ሴንቲሜትር። ጥግ ላይ ‹መ.›። ጀርባው፦ ‹3 ዓምድ። ወደ 60% ይነስ። ሴትየዋ ቀጭን ናት።› ከሥሩ በሠዓሊዋ እጅ፦ ‹ካፖርቱ ግን ትክክል ነው።› ያልታወቀ ቀን።»

ከዚህ በላይ ሙሉ ስሟ በትልቁ ይጻፋል።

ልብስ_ሰፊዋ

ሥዕሉን በግል የላክሽልኝን አየሁት። «እጅጌው ከአንገት የሚነሳ፣ የትከሻ ስፌት የሌለው» ብለሽ ጨምሪ፣ ሰፊዎች የሚፈልጉት በዚያ ነው። ኪሱም የጎን ስፌቱ ውስጥ ነው የገባው፤ ለዚህ ነው እጇ ሲገባ ጨርቁ ያልተጨማደደው። ቁጥር 42ንም ከቻልሽ አብረሽ ላኪልኝ፣ ያው ካፖርት ከፊት ከሆነ ሙሉውን መቁረጥ እችላለሁ።

ሰማያዊ_እርሳስ

ጨምሬዋለሁ። 42 ከፊት ነው፣ አምስት ቁልፍ አለው። አሁን እልክልሻለሁ።